የሕንድ ገበታና የአባቴ ዕዳ

አንባቢዎቼ ሆይ፤ የቦምቤይን ከተማ በዓይናችሁ ሳታዩ ቦምቤይን ዘወትር እንደምትበሉ ታውቃላችሁን? ነገሩ እንቆቅልሽ አይደለም። እኔ የማስተምርባት መልካሳ ከአዳማ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአዋሽ ወንዝ አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። ከተማሪዎቼ ወላጆች ብዙዎቹ በመስኖ ሽንኩርት ያለማሉ። ከሚተክሏቸው ዓይነቶች አንዱ ‹‹ቦምቤይ ሬድ›› ይባላል፤ ስሙም ዛሬ ሙምባይ የምትባለው የሕንድ የወደብ ከተማ ስም ነው። ‹‹ናሲክ ሬድ›› የሚባልም አለ፤ ናሲክም የሕንድ ከተማ ናት። ‹‹አዳማ ሬድ›› የሚባለው ደግሞ የራሳችንን ከተማ ስም የያዘ ነው። እንግዲህ እናቶቻችን ድስት ጥደው ሽንኩርት በሚያቁላሉበት ጊዜ አዳማና ቦምቤይ በአንድ ድስት ውስጥ ይገናኛሉ ማለት ነው።

ይህን ያነሣሁት የዛሬው ጨዋታችን ስለ ሕንድ ምግብ ስለ ሆነ ነው። ጨዋታው ከምግብ ይጀምርና ወደ ሌላ ጉዳይ ይወስደናል፤ እስከ ፍጻሜው ታገሡኝ።

አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን በሒሳብ ሠራተኝነት ፈጽመው አሁን በአዳማ በጡረታ ይኖራሉ። ከቤት ውጭ መብላት አይወዱም። ‹‹ሰው እሳት የሚነድበት ቤት እያለው ለምን ተሰልፎ ይበላል?›› ባይ ናቸው። በቅርቡ ደመወዜን ተቀብዬ ‹‹አባባ፣ ዛሬ ምን ልጋብዝዎ?›› ብላቸው፣ ጥብስ ወይም ክትፎ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣

‹‹አዲስ አበባ የሕንድ ምግብ ቤት አለ ሲሉ እሰማለሁ። እዚያ ውሰጂኝ›› አሉኝ።

‹‹ሕንድ ቤት?››

‹‹አዎን፣ ሕንድ ቤት። ቅመሙ ቢከብደኝም ግድ የለም።››

ምክንያቱን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ቅዳሜ ጧት ተነሥተን በ2006 ዓ.ም. በተከፈተው የፍጥነት መንገድ አዲስ አበባ ገባን።

የገባንበትን ቤት ስም አልጽፍላችሁም፤ ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ ነው። በቦሌ በኩል ካሉት የሕንድ ምግብ ቤቶች አንዱ እንደ ሆነ ብቻ ልንገራችሁ። እንደነዚህ ያሉት ቤቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዓይነት መብራቱ ደብዘዝ፣ ወንበሩ ለስለስ ያለና ታንዱር በሚባል የሸክላ ምድጃ የተጠበሰ ሥጋና ናን የሚባል ዳቦ የሚቀርብበት፣ ለግብዣና ለሠርግ ቀጠሮ የሚመረጥ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ግን መኖሪያ ቤት የነበረ ቪላ፣ ጠረጴዛው ጥቂት፣ የወጥ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ የድስቱ ሽታ እስከ በራፉ የሚወጣበት፣ አብሳይዋም ባለቤቲቱ ራስዋ የሆነችበት ቤት ነው። እኛ የገባነው ሁለተኛው ዘንድ ነበር።

አሳላፊው የምግቡን ዝርዝር አመጣልን። እኔ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ጨርሻለሁ የምለው ሰው፣ ከዚያ ሁሉ ስም ውስጥ የማውቀው ‹‹ሳሞሳ›› የሚለውን ብቻ ነበር፤ እርሱም በየሻይ ቤቱ የምንበላው ሳምቡሳ ነው። በዚህ ጊዜ ምን እንዳደረግሁ ልናዘዝላችሁ። አለማወቄ እንዳይታወቅብኝ ብዬ ፊቴን ኮስተር አድርጌ አንዱን ስም በጣቴ ልጠቁም ስል፣ አባቴ ዝርዝሩን ከእጄ ቀስ ብለው ወሰዱና አጥፈው አስቀመጡት። ከዚያም አሳላፊውን፣

‹‹ልጄ፣ እኛ ይህን ምግብ አናውቀውም። እናት ቤቷ ለልጆቿ የምትሠራው የትኛው ነው?›› ብለው ጠየቁት።

ልጁ ፈገግ ብሎ ወደ ወጥ ቤት ገባና ባለቤቲቱን ይዟት መጣ። ዕድሜዋ ወደ 50 የሚጠጋ፣ አማርኛዋም ለጨዋታ የሚበቃ ሴት ናት። ትውልዷ በምዕራብ ሕንድ ከሚገኘው ከጉጀራት ግዛት ነው። አባቴን እጅ ነሥታ ‹‹አባባ፣ ሥጋ ይበላሉ? ቅቤስ? በርበሬ ይችላሉ?›› ስትል በተራ ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም በተራ መለሱ። ምግቡ የታዘዘው እንዲህ ነው፤ ዝርዝሩ ከታጠፈበት አልተገለጠም።

ብዙ ሳይቆይ ለየራሳችን ታሊ የሚባለው ሰፊ የብረት ትሪ ቀረበልን። በትሪው ዙሪያ ትንንሽ የብረት ጎድጓዳ ሳሕኖች ተደርድረዋል። በአንዱ ዳል አለ፤ ይኸውም የምስር ክክ ወጥ ነው። በሁለተኛው ድንች ከአበባ ጎመን ጋር በእርድ ቢጫ ሆኖ ተሠርቷል። በሦስተኛው እርጎ አለ። በመካከሉ ሩዝና ቻፓቲ የሚባል ስስ የስንዴ ቂጣ ተቀምጧል። ሕንድ አገር በሰሜኑ ክፍል ስንዴ፣ በደቡቡና በምሥራቁ ደግሞ ሩዝ የገበታ ዋና ነው፤ በታሊ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይገናኛሉ።

አባቴ ከዳሉ በቻፓቲ ጠቅልለው ቀመሱና፣ ‹‹ይህማ ምስር ወጥ ነው፤ ቁሌቱ ግን የት ሄደ?›› አሉ።

ጥያቄያቸው ከባድ ጥያቄ ነበርና መልሱን ለእናንተም ላካፍላችሁ። በእኛ ዘንድ ወጥ የሚጀምረው ከሽንኩርት ነው። ሽንኩርቱ ደቅቆ ለብዙ ጊዜ ይቁላላል፤ ከዚያ በርበሬው፣ ከዚያ ክኩ ወይም ሥጋው ይከተላል፤ በመጨረሻ መከለሻ ይነሰነስበታል። በሕንድ የዳል አሠራር ግን ክኩ አስቀድሞ በውኃና በእርድ ለብቻው ይበስላል። በስተመጨረሻ በትንሽ መጥበሻ ቅቤ ወይም ዘይት በጣም ይግልና ከሙን፣ ነጭ ሽንኩርትና ደረቅ ቃሪያ ይጨመርበታል፤ ቅመሙ መንጣጣት ሲጀምር ከነትኩሳቱ በወጡ ላይ ይገለበጣል። ይህን ‹‹ታድካ›› ይሉታል። ወጥ ቤት ውስጥ ‹‹ችስስ›› የሚል ድምፅ የሰማነው እርሱ ኖሯል። እኛ ሽታውን ከታች እንጀምረዋለን፤ እነርሱ ከላይ ይደፉታል።

የቀረው ግን የአንድ መደብ ዕቃ ነው። እርዱ፣ ከሙኑ፣ ድንብላሉ፣ አብሹ፣ ዝንጅብሉ፣ ቅርንፉዱ፣ ቀረፋው በእናቴም ጓዳ አለ። ቁንዶ በርበሬ የተገኘው ከደቡብ ምዕራብ ሕንድ ጠረፍ ነው፤ ሄልም የዚያው አገር ተክል ነው። ኮረሪማ ግን የእኛ የራሳችን ነው። በርበሬን ደግሞ ሁለታችንም የራሳችን አድርገን እንኮራበታለን እንጂ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ሕንድ አገር የገባው በ16ኛው መቶ ዓመት በፖርቱጋሎች መርከብ ነው። የእነርሱም ንጥር ቅቤ እንደ እኛው ይነጠራል፤ ኮሰረትና በሶብላ ግን የለበትም። ፓኒር የሚሉት ምግባቸው ከእኛ አይብ ጋር ዘመድ ነው፤ እነርሱ ግን ተጭነው ውኃውን ስለሚያወጡት በቢላዋ ይቆረጣል።

እዚህ ላይ ለጾመኞች አንባቢዎቼ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በሕንድ ቤት ‹‹ሥጋ የሌለው›› ማለት ‹‹የጾም›› ማለት አይደለም። በሕንድ ሥጋ የማይበሉ ሚሊዮኖች ወተት፣ እርጎና ቅቤ ይበላሉ። ስለዚህ በጾም ቀን የገባችሁ እንደ ሆነ ‹‹ሥጋ የሌለበት›› ብላችሁ አትዘዙ፤ ‹‹ቅቤ፣ ወተት፣ እርጎ፣ አይብ የሌለበት፤ በዘይት የተሠራ›› ብላችሁ በግልጥ ጠይቁ። ዳሉም በዘይት ይሠራል፤ ካልጠየቃችሁ ግን በቅቤ ይመጣል።

ስለ አበላሉም ልንገራችሁ። በቀኝ እጅ መብላት ለእኛ አዲስ አይደለምና በዚህ ቤት ሹካ ያዙ ብሎ የሚያስጨንቃችሁ የለም። ልዩነቱ ትሪው የየራስ መሆኑ ነው። ብዙ ሕንዶች የሌላ ሰው አፍ የነካውን መብላት አይወዱም፤ የሰውን ትሪ መንካትም እንደ ነውር የሚቆጠርበት ቤት አለ። ስለዚህ የፍቅር ጉርሻችሁን ለወንድማችሁ አድርጉት እንጂ ሳትጠይቁ ለሕንዳዊ ወዳጃችሁ አትዘርጉ። ወጡ ቢያልቅባችሁ ደግሞ አትፈሩ፤ በእንደዚህ ያለው ቤት ዳልና ሩዝ ብዙ ጊዜ ይደገማል። እኛንም ሴትዮዋ ራስዋ ጭልፋ ይዛ እየዞረች ጨመረችልን። አባቴ ‹‹በቃኝ›› ሲሉ እንደ አክስቴ ‹‹ትንሽ ብቻ!›› ብላ ጨመረችላቸው።

ምሳው አልቆ ሻይ መጣ። የሕንድ ሻይ ቅጠሉ ከወተቱና ከቅመሙ ጋር አንድ ላይ የሚፈላ ነው። አባቴ ሲኒውን ወደ አፋቸው አስጠጉና ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት።

‹‹ዝንጅብል አለበት›› አሉ።

‹‹ካልተስማማዎ ሌላ ይምጣ?››

‹‹አይደለም፣ ልጄ። ይህን ሽታ ከ50 ዓመት በላይ አውቀዋለሁ።››

ከዚያም ለምን ሕንድ ቤት ውሰጂኝ እንዳሉኝ ነገሩኝ።

በ1965 ዓ.ም. ነው። አባቴ ያን ጊዜ ናዝሬት በምትባለው በአዳማ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበሩ። የሒሳብ መምህራቸው ሕንዳዊ ነበር። በዚያ ዘመን በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሕንዳዊ መምህር ማየት የተለመደ ነው። ሁለቱ መንግሥታት በ1940 ዓ.ም. የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ከመሠረቱ በኋላ ብዙ ሕንዳውያን እየተቀጠሩ መጥተው ከጠቅላይ ግዛት እስከ ወረዳ ከተማ ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ከእነርሱም እጅግ የሚበዙት ከደቡብ ሕንድ፣ ከኬረላ ግዛት የመጡ ነበሩ። የዛሬዎቹ ሽማግሌ መሐንዲሶቻችንና ሐኪሞቻችን የመጀመሪያውን የአልጀብራ ሕግ የሰሙት ከእነዚህ ሰዎች አፍ ነው።

ተማሪዎቹ ግን መምህሩን በአነጋገሩ ይቀልዱበት ነበር። ‹‹እኔም እቀልድ ነበር›› አሉ አባቴ። ‹‹ራሱን ሲወዘውዝ አዎን ይበል አይደለም ይበል አይታወቅም ብለን እንስቅ ነበር።›› የሆነው ሆኖ አባቴ ሒሳብ ይወዱ ነበርና በዓመቱ መጨረሻ ከክፍሉ ከተመረጡት ሦስት ልጆች አንዱ ሆኑ። መምህሩም ሦስቱን ልጆች ቅዳሜ ምሳ ቤቱ ጠራቸው።

አባቴ አርብ ማታ ለሰፈር ሰው ቢናገሩ አንዱ ‹‹ሕንድ ላም ያመልካል፤ ቤቱ ከበላህ ትረክሳለህ›› አለ። ሌላው ‹‹ሥጋውን ማን እንደ ባረከው ታውቃለህ?›› አለ። የ15 ዓመት ልጅ ናቸው፤ ፈሩ። እንዳይቀሩ መምህራቸው ነው፤ እንዳይበሉ ደግሞ ቃሉ ከብዷቸዋል። ሄደው ከማዕዱ ፊት እንደ ተቀመጡ ‹‹ሆዴን አሞኛል›› አሉ።

የመምህሩ ሚስት ከጧት ጀምራ ስትሠራ የዋለችው ገበታ ሙሉ ነበር። ልጁ የእውነት የታመመ መስሏት ደነገጠች። ገበታውን ትታ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰችና ዝንጅብል ወቅጣ፣ በውኃ አፍልታ፣ ስኳር ጨምራ አመጣችላቸው። ሁለቱ ጓደኞቻቸው ሲበሉ አባቴ ውሸታቸውን ይዘው ዝንጅብሉን ጠጡ። ሲወጡም ሴትዮዋ የቀረውን ዝንጅብል በወረቀት ጠቅልላ ‹‹ማታም ጠጣው›› ብላ ሰጠቻቸው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጓደኞቻቸው ያዩትን ነገሩዋቸው። በገበታው ላይ ሥጋ የሚባል አልነበረም፤ ልጆቹ ምን እንደሚበሉና እንደማይበሉ ስላላወቁ ሴትዮዋ ሆን ብላ ትታዋለች። ከምሳው በፊት መምህሩ ቆሞ ጸልዮ አማትቧል። በግድግዳውም ላይ መስቀል የያዙ ጳጳስ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር፤ አባቴ ግን አንገታቸውን ደፍተው ስለ ነበር አላዩትም። በዚያም ላይ ዓይን ያለው ነጭ ቂጣ ቀርቦ ‹‹እንጀራ፣ እንጀራ ይል ነበር›› ብለዋቸዋል።

‹‹አፓም ነው›› አለች ባለቤቲቱ። ጨዋታውን በመካከል ሰምታ ጠጋ ብላ ቆማ ኖሯል። ‹‹የኬረላ ሰዎች ምግብ ነው። እኛ ጉጀራቶች አንሠራውም። ሩዙ ተፈጭቶ ከኮኮነት ጋር ይቦካል፤ ሌሊቱን አድሮ ጧት ይጋገራል።››

እኔ ሥነ ሕይወት አስተማሪ ነኝና ይህን ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ አስረድቼዋለሁ። እርሾ ሊጡን ሲያቦካው አየር ይፈጥራል፤ አየሩ በምጣዱ ትኩሳት ወጥቶ ሲሄድ ዓይኑን ይተዋል። ጤፉ በእኛ አገር፣ ሩዙ በኬረላ ይህንኑ ያደርጋል። አባቴ ግን ስለ እርሾው አልሰሙኝም። ‹‹እንጀራ ነበር ለካ›› አሉ፤ ደግመውም ‹‹እንጀራ ነበር!›› አሉ።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ መምህሩ ክርስቲያን የሆነበት ምክንያት ተረት አይደለም። በኬረላ የሚገኙት የማላንካራ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ወንጌል ከሐዋርያው ከቶማስ ደረሰን የሚሉ ጥንታውያን ናቸው፤ እንደ እኛም ብዙ ይጾማሉ። በጥር 1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ፣ የግብፅ፣ የሶርያ፣ የአርመንና የሕንድ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው ነበር። አባቴ የመምህራቸውን ገበታ እምቢ ያሉት ከዚያ ጉባኤ 8 ዓመት በኋላ ነው። የአገር መሪዎች የሚያውቁትን የሰፈር ሰው ሳይሰማው ቀርቷል።

መተዋወቃችን እንኳ ከዚያ እጅግ ይርቃል። በደብረ ዳሞ ገዳም በሰሜን ሕንድ የነገሡት የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ገንዘብ ከመቶ በላይ ተገኝቷል። ከእኛም ምድር በባርነት ተወስዶ በሕንድ እስከ አሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴነት የደረሰውና እ.ኤ.አ. በ1626 የሞተው ማሊክ አምባር አለ። በእኛ ዘመንም አዲሱ የወንጂ ሸዋ ስኳር ፋብሪካ በሕንድ ብድር ሲሠራ የሕንድ ባለሙያዎች በአካባቢያችን ሲመላለሱ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። ወርቁ፣ ቅመሙ፣ መሐንዲሱ፣ መምህሩ ሲመላለስ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ማዕድ ላይ ግን ገና እንተፋፈራለን።

እዚህ ላይ እኔ ደስ ብሎኝ ‹‹እንግዲህ አባባ፣ ሰውየው የእኛው ሃይማኖት ሰው ከነበረ መፍራትዎ ከንቱ ነበር ማለት ነው›› አልኋቸው። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

‹‹እርሱ አይደለም የሚቆጨኝ። ሌላ ሃይማኖት ቢሆንስ ኖሮ? ያን ጊዜ ጥፋቴ ይቀልልኝ ነበር? አለመብላት የሰው መብት ነው። እኔ ግን አልጠየቅሁም። 'ጌታዬ፣ እኔ የማላውቀውን ሥጋ አልበላም፤ ይህ ምንድን ነው?' ብል ኖሮ ሁሉን ይነግሩኝ ነበር። ጠይቄ እምቢ ብል እንኳ አይቀየሙኝም ነበር። እኔ የዋሸሁት እርሱ መልስ የሌለው ሰው አድርጌ ስለ ቆጠርሁት ነው።››

‹‹ከዚያስ ይቅርታ አልጠየቁትም?››

‹‹ክረምት ገባ። በመስከረም ስንመለስ ውሉ አልቆ ሄዷል አሉን።››

ሒሳቡ ሲመጣ ልከፍል ብዬ ቦርሳዬን ከፈትሁ። አባቴ እጄን ያዙ። ‹‹ይህን ምሳ እኔ ነኝ የምከፍለው›› አሉ። ‹‹ግብዣው የእኔ አልነበረም?›› ብላቸው ‹‹ያንቺን ሌላ ቀን እበላለሁ፤ ይህ የቆየ ዕዳ ነው›› አሉኝ። የጡረታ ገንዘባቸውን ከፊት ኪሳቸው አውጥተው ቆጠሩ። ሲወጡም ወደ ባለቤቲቱ ሄደው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኑ። እርስዋ መምህሩን አታውቀውም፤ ከጉጀራት እስከ ኬረላ ያለው መንገድም እጅግ ሩቅ ነው። ቢሆንም ‹‹አባባ፣ ይመለሱ፤ አፓም ባልችልም እሞክራለሁ›› አለቻቸው።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ተማሪና ጀማሪ ሠራተኛ ለሆናችሁ አንባቢዎቼ ስለ ገንዘቡ እውነቱን ልናገር። ምሳው መልካሳ ላይ ለብዙ ቀን ሽሮ የሚያበላኝን ያህል ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ሂዱ አልልም። ስትሄዱ ግን ለየራሳችሁ ብዙ ዓይነት ከማዘዝ ታሊውን ጠይቁ፤ ወይም ለሁለት ሰው አንድ ዳል፣ አንድ አትክልት፣ አንድ ሩዝና ጥቂት ቻፓቲ ይበቃል። የተጻፈው ዋጋ 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስና የአገልግሎት ክፍያውን ይጨምር እንደ ሆነ ሳታዝዙ ጠይቁ፤ ከምሳ በኋላ መደንገጥ ምግቡን ያመርረዋል። በርበሬ እንችላለን ብላችሁም አትመኩ፤ ጥሬው አረንጓዴ ቃሪያቸው ሌላ ነገር ነው። አቅሙ ለጊዜው የሌላችሁ ደግሞ ምስር ክክ፣ እርድና ከሙን በቤታችሁ አሉ፤ ታድካውን እንደ ነገርኋችሁ አድርጋችሁ ሞክሩት።

ከምግብ ቤቱ ውጭ ያለው ትምህርት ግን ገንዘብ አያስፈልገውም። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ነገ ወደማታውቁት ከተማ ትመደባላችሁ። በዚያ የሌላ አገር፣ የሌላ ሃይማኖት፣ የሌላ ቋንቋ ሰው ገበታ ፊት ትቀመጣላችሁ። የማትበሉት ነገር ቢኖር በግልጥ ተናገሩ፤ የማታውቁት ቢሆን ጠይቁ፤ የጠራችሁን ሰው ግን በውሸት ሕመም አትሸኙት።

እኔም ይህን ለሰው ከማስተማሬ በፊት በራሴ ላይ ፈተንሁት። በትምህርት ቤታችን ዘንድሮ የተመደበች አንዲት ሙስሊም መምህርት አለች። እኛ ምሳችንን በመምህራን ክፍል አንድ ላይ ስንበላ እርስዋ ሁልጊዜ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ወደ ቤተ መጻሕፍት ትሄዳለች። ብቻዋን መሆን የምትወድ መስሎን ነበር። ከአዲስ አበባ በተመለስሁ በማግሥቱ ሰኞ ሄጄ ‹‹ከእኛ ጋር ምን ምን ትበያለሽ? ምንስ አትበይም?›› ብዬ ጠየቅኋት። ሥጋችንን እንደማትበላ፣ ሽሮና ምስር፣ ጎመንና እንቁላል ግን እንደምትወድ ነገረችኝ። ከመስከረም ጀምሮ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ሥጋ ሳናመጣ አብረን እንበላለን። ባለፈው ሐሙስ ዳል ሠርቼ ወሰድሁ፤ ታድካው ትንሽ አርሮብኝ ነበር። እርስዋ ግን ሳህኑን ጠርጋ በላችና አሠራሩን ጻፊልኝ አለችኝ።

በሚቀጥለው እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።